ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን

ለሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው ስፒከር) የሚሆን አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላ መሣሪያ) በመኪናችሁ የምትገጥሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ አስገቡት። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ራሱን አምፕሊፋየሩን ነው፤ ከባትሪው እስከ ኋላ የተዘረጋውን ረጅም ገመድ አይጠብቅም። ገመዱ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ልባሱ ተፍቆ ብረት ከነካ፣ ያለ ፊውዝ ግሎ እሳት ያስነሳል። ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት አድርጉበት።

የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ገመድ አጭር ይሁን፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። የወንድሜ መኪና ላይ ድምፁ ይቆራረጥ የነበረው ከብሎኑ ሥር በቀረች ቀለም የተነሳ ነበር።

ሥራ ስትጀምሩ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ፊውዙን የምትከቱት ሁሉንም አስራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።