የደም ካንሰር እንክብል የሚወስዱ ሰዎችና የፈንገስ በሽታ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደም ካንሰርን ለይተው የሚያጠቁ መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ ብዙ ታካሚ ቤቱ ሆኖ፣ ሥራውን እየሠራ እንክብሉን ይውጣል። ፀጉር እንደ ድሮው አይረግፍም፣ ግሉኮስ ተሰክቶ መዋልም ቀርቷል። ትልቅ ጸጋ ነው። ግን «ኬሞ አይደለም፣ አቅም አያሳጣም» የሚል መዘናጋት አብሮ መጥቷል፤ ፈንገስ ደግሞ የተዘናጋ ሰው ላይ ይበረታል።

«የደም ምርመራዬ ጥሩ ነው፣ አያሰጋኝም» ማለት

ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። በኬሞቴራፒ ጊዜ የፈንገስ ስጋት በአመዛኙ የሚገመተው በነጭ የደም ሴሎች፣ በተለይ ኒውትሮፊል በሚባሉት ቁጥር ነው። ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ለተባለው ቀስ ብሎ ለሚያድግ የደም ካንሰር የሚሰጠው ኢብሩቲኒብ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የሚያግደው ቢቲኬ የተባለውን ፕሮቲን ነው። የካንሰሩ ሴል ያለ እሱ መኖር ይቸግረዋል፤ ሳንባ ውስጥ የገባ የሻጋታ ብናኝ የሚውጡት የመከላከያ ሴሎችም ግን ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሴሎቹ በቁጥር ሙሉ ሆነው ሳለ የመዋጋት ኃይላቸው ይቀንሳል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ይህን አያሳይም።

በ2018 የፈረንሳይ ሐኪሞች ኢብሩቲኒብ እየወሰዱ ከባድ የፈንገስ በሽታ የያዛቸውን የ33 ታካሚዎች መረጃ አሳትመው ነበር። በ27ቱ ላይ የተገኘው አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ነው፤ ከእነዚህም 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ወደ አንጎል ደርሷል። አብዛኞቹ የታመሙት መድኃኒቱን በጀመሩ በ6 ወር ውስጥ ነው። ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ስቴሮይድ ሲታከልበት አደጋው ይብሳል። ሐኪምዎን ሲያገኙ «ደሜ ስንት ሆነ?» ብቻ አይበሉ፤ «ይህ መድኃኒት ከሻጋታ የሚከላከሉኝን ሴሎች ያዳክማል ወይ?» ብለውም ይጠይቁ።

ሁሉንም እንክብል አንድ አድርጎ ማየት

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲሰጥ የኖረው ኢማቲኒብ የተባለው የደም ካንሰር እንክብል ከዚህ አንጻር ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ሌላው እንክብል ቬኔቶክላክስ ኒውትሮፊልን በጣም ሊያወርድ ይችላል። ኢዴላሊሲብ የተባለውን እንክብል የሚወስዱ ደግሞ ኒሞሲስቲስ ከተባለው የሳንባ ፈንገስ እንዲጠበቁ ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዝላቸዋል፤ ኤችአይቪ ያለባቸው ወገኖቻችን በደንብ የሚያውቁት መድኃኒት ነው። ሌላው ታካሚ ምንም አልሆነም ማለት እርስዎም አይሆኑም ማለት አይደለም።

ትኩሳቱን «ምች ነው» ብሎ ማሳለፍ

ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ዳማከሴ አሽተን፣ ፓራሲታሞል ውጠን እንተኛለን። ለጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ያልፋል። እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ግን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ምልክቱን ይደብቃል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ጭራሽ ላያተኩሰው ይችላል። ስለዚህ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የፊት አንድ ጎን ሕመም ወይም እብጠት፣ የንግግር መንተባተብ ካለ ትኩሳት እስኪመጣ አይጠብቁ።

ሳሉን ሁሉ ቲቢ ማድረግ

አገራችን ቲቢ የበዛባት ስለሆነች የቆየ ሳል ሲታይ ሐሳብ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፤ ትክክልም ነው። ስህተቱ እዚያው መቆም ነው። አክታው ላይ ቲቢ ሳይገኝ «ለማንኛውም ይጀምር» ከተባለ፣ በሕክምናው ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ኢብሩቲኒብና ቬኔቶክላክስ በደም ውስጥ ይወርዳሉ። የአስፐርጊለስ ዋና መድኃኒት የሆነው ቮሪኮናዞልም አብሮት አይሰጥም፤ መጠኑ ወርዶ ከንቱ ይሆናልና። ታካሚው ካንሰሩም ሻጋታውም ያልታከመለት ሆኖ ይቀራል። የደረት ራጅ መጀመሪያ ላይ ሊያመልጠው የሚችለውን ሲቲ ስካን ያሳያል። ራስ ምታት ካለ ደግሞ ክሪፕቶኮከስ የተባለውን አንጎል የሚያጠቃ ፈንገስ ምርመራ ይጠይቁ፤ ለኤችአይቪ ታካሚዎች የሚሠራው ቀላል የደም ምርመራ ነው።

ፀረ ፈንገስ በራስ መግዛት

አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሲወጣ ከፋርማሲ ፍሉኮናዞል ገዝቶ መጀመር የተለመደ ነው። ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ፍሉኮናዞል አስፐርጊለስን አይነካም፤ «ፀረ ፈንገስ እየወሰድኩ ነው» የሚለው መተማመን ባዶ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ጉበት የካንሰሩን መድኃኒት እንዳያስወግድ ይይዙታል፣ መድኃኒቱም በደም ውስጥ ይከማቻል። ለአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ በቀን 400 ሚሊግራም ቬኔቶክላክስ የሚወስድ ሰው ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ፀረ ፈንገስ ፖሳኮናዞል ሲጨመርለት የቬኔቶክላክሱ መጠን ወደ 70 ሚሊግራም እንዲወርድ የሚደረገው ለዚህ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ብቻ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፈው ያሳዩ፤ የሚቆጣዎት ቢመስልዎትም አይደብቁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ግሬፕፍሩት የተባለው ብርቱካን መሰል ፍሬ ተመሳሳይ ጉዳት ስላለው ተዉት።

አቧራና ሻጋታን መናቅ

ብናኙ የሚገባው በትንፋሽ ነው። ቤት ሲፈርስ፣ ጎተራ ሲጠረግ፣ ጭድ ሲገለበጥ፣ የርግብ ኩስ ሲጸዳ ታካሚው እዚያ አይኑር። የሻገተ እንጀራን ፍቆ ቀሪውን መብላትም ይቅር።

ሳሉ ሲተው መድኃኒቱን ማቆም

በአስፐርጊለስ የተያዘ ሳንባ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታከም አለበት፤ ሳሉ ግን ከዚያ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ቮሪኮናዞል ዓይን ያብለጨልጫል፣ ቆዳም ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ሲያስቸግርዎት ይናገሩ እንጂ አያቋርጡ። ፀረ ፈንገሱ በሐኪም ትእዛዝ ሲያበቃም የካንሰሩ መድኃኒት ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ አለበት፤ የመጨረሻውን እንክብል መቼ እንደሚውጡ ለካንሰር ሐኪምዎ አስቀድመው ያሳውቁ።