የመልክዓ ምድር ሥዕል ስንት ያወጣል? ለባለቤትና ለገዢ የሚሆን መመሪያ

በቅርብ ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ነባር ቤቶች ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ ሳሎን ውስጥ ተሰቅለው ማንም ልብ ሳይላቸው የኖሩ ሥዕሎች ከግድግዳ ወርደዋል። የእንጦጦ ተራራ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ጎጆ ቤቶች የከበቡት መስክ ይገኝባቸዋል። ባለቤቶቹ የሚጠይቁት «ይህ ስንት ያወጣል?» ብለው ነው፤ በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ግን ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ተመሳሳይ ሥራውን ዛሬ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ ነው፤ ከእጁ የወጣ ሥዕል ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ የሚያወጣው ሌላ ነው፤ ነጋዴ ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ያንሳል። የትኛውን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ካልለዩ የሚሰሙት ቁጥር ሁሉ ያሳስትዎታል።

ግምቱን ከሥዕሉ ጀርባ ይጀምሩ። ሥዕሉን አውርደው፣ ፊቱን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍተው፣ ጀርባውን በቀን ብርሃን ይመርምሩ። ሸራው የተወጠረው በምስማር ነው ወይስ በስቴፕል? ጨርቁ ከውጭ የመጣ ሸራ ነው ወይስ አቡጀዲ? አቡጀዲ መሆኑ ብቻውን ዋጋ አይቀንስም፤ የውጭ ሸራ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ጥሩ ጥሩ ሠዓሊዎችም ሠርተውበታል። የጋለሪ ወይም የዐውደ ርዕይ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ ርዕስ፣ የፍሬም ሠሪው ማኅተም ካለ አንዱንም አይላጡ፣ አያጥፉ፤ ፎቶግራፍ ያንሱት። ያረጀ ፍሬም በአዲስ ሲለወጥ ከጀርባው አብሮ የሚጣለው ወረቀት ከፍሬሙ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእኛ ሠዓሊዎች ከፊርማቸው ጎን አንዳንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዴ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈዋል፤ የትኛው እንደሆነም ሁልጊዜ አይገልጹም። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንድን ሥራ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ የሚያሰኝበት ጊዜ አለ። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአሜሪካ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው። በእሱ ስም ተፈርሞ «1975» የተባለ ሥዕል ቢቀርብልዎ፣ ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ወደ 1967 ዓ.ም. ስለሚመለስ ከዘመኑ ጋር ይስማማል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ከተባለ ግን ሠዓሊው ካረፈ በኋላ የተሠራ ይሆናል። ሻጩን የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት፤ መልሱም በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ ፊቱን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በሸራ ላይ የታተመ ምስል በመነጽር ሲታይ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ በእጅ የተሠራው ግን የብሩሽ መስመር፣ የቀለም ክምርና ጠርዝ አለው። አንዳንድ ነጋዴ በታተመው ምስል ላይ ግልጽ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀብቶ የእጅ ሥራ ስለሚያስመስለው፣ የብሩሹ አቅጣጫ ከሚታየው ነገር ጋር መሄድ አለመሄዱን ያስተውሉ። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ለሠዓሊዎች መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተሣለ የተባለ የአክሪሊክ ሥራ ሲገጥምዎ ንግግሩን እዚያው ማቆም ይችላሉ።

እስካሁን ያልነው ለማንኛውም ሥዕል ይሠራል። የመልክዓ ምድር ሥዕል ግን የራሱ ፈተና አለው፤ ይኸውም ሠዓሊው ቦታውን በዓይኑ አይቶታል ወይ የሚለው ነው። በእኔ እምነት መካከለኛውን ሥራ ከጥሩው የሚለየው ከሁሉ በላይ ይህ ነው፤ ለመመርመርም አዲስ አበባ ውስጥ ከእንጦጦ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። ከመሐል ከተማ ሆኖ እንጦጦን የሚሥል ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የጠዋት ብርሃን ከቀኙ፣ የማታው ከግራው ይመጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ከተማው የሚያየው ገደል በሙሉ በርቶ ይታያል። ርዕሱ «ጠዋት በእንጦጦ» ተብሎ ጥላው ሁሉ ወደ ቀኝ የወደቀበት ሥራ ምናልባት ከተገለበጠ ፎቶግራፍ የተቀዳ ነው። አየሩንም ይመልከቱ። ክረምቱ ባለፈ ማግስት፣ አደይ አበባ በሚፈካበት በመስከረም፣ ሩቁ ተራራ ጥርት ብሎ ይቀርባል፤ በመጋቢት ግን አቧራው ሸፍኖት ይደበዝዛል። አደይ በሜዳው ላይ ፈክቶ ተራራው በበጋ ጭጋግ የተዋጠበት ሥዕል ሁለት ወቅት ቀላቅሏል። ባሕር ዛፉስ? የተቆረጠው ግንድ ላይ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ሰማያዊ አመድማ ነው፤ የጎለመሰው ረዥምና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሁሉን በአንድ አረንጓዴ የቀባ እጅ ዛፉን ቀርቦ አላየውም።

ምናባዊ መልክዓ ምድር መሣል ነውር አይደለም፤ ቀለሙንና ቅርጹን አውቆ የሚያዛባ ታላቅ ሠዓሊ አለ። ልዩነቱ፣ እሱ የሚያዛባው በዓላማ ስለሆነ ማዛባቱ በሥዕሉ ሁሉ እኩል ይታያል፤ የማያውቀው ግን እዚህ ተጠንቅቆ እዚያ ይስታል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈርን ሰገነቶችና የእንጨት ደረጃዎች የሚያሳዩ ሥዕሎች ከውበታቸው ሌላ የምስክርነት ዋጋም አገኙ። ይህ ዋጋ የሚገባው ግን ቤቶቹ ቆመው ሳሉ በቦታው ለተሣለው ነው። ከፈረሱ በኋላ ከፎቶግራፍ የተሠራው ውብ ሊሆን ይችላል፤ የምስክር ዋጋ መጠየቅ ግን የለበትም።

ከዚያ በኋላ የሠዓሊው ስም ይመጣል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መመረቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም ዋጋን ከፍ የሚያደርጉት ዐውደ ርዕዮች፣ ካታሎጎችና በሙዚየም የተያዙ ሥራዎች ናቸው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየምና በብሔራዊ ሙዚየም እየተዘዋወሩ ዓይንዎን ያለማምዱ፤ የሠዓሊን እጅ በስልክ ፎቶ ማወቅ አይቻልም። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርክ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን የሚጠቅስ ሻጭ ስለያዘው ሥዕል ምንም አልነገረዎትም።

ለንጽጽር የሚያገለግለው የተጠየቀው ዋጋ ሳይሆን የተከፈለው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የዚያው ሠዓሊ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥራ በ48,000 ብር ተሽጦ የእርስዎ 100 በ120 ቢሆን፣ በስፋት ሲሰላ 120,000 ብር ይመጣል። ትልቅ ሥዕል ግን የሚሰቅለው ግድግዳ ስለሚጠብ በስፋቱ ልክ አይወደድም፤ ወርድና ቁመቱን ደምረው 140ን ከ220 ጋር ቢያነጻጽሩ ወደ 75,000 ብር ይደርሳሉ፤ እኔም ከዚህኛው አጠገብ መጀመርን እመርጣለሁ። ንጽጽሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተፈጸመ ሽያጭ ከሆነ ተጨማሪ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣው ቀለምና ሸራም ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይሄዳል። ጋለሪ ከሸጠው የጋለሪው ድርሻ በዋጋው ውስጥ እንዳለ አይርሱ።

ጉዳትም ዋጋ ይቀንሳል፤ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። የዕጣንና የከሰል ጢስ ያጠቆረው ገጽ በባለሙያ ይጸዳል፤ የተሰነጠቀና የተላጠ ቀለም ግን ብዙ ያስከፍላል። እንደ ለማ ጉያ ሥራዎች በቆዳ ላይ የተሣለውን የክረምት እርጥበት ያጣምመዋልና ከውጭ ግድግዳ ያርቁት። በእርጥብ ጨርቅ፣ በዳቦ ወይም በዘይት ለማጽዳት ከቶ አይሞክሩ።

በመጨረሻ ግምቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወረቀቱ የሠዓሊውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመትና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ጉዳቱን፣ ለንጽጽር የተወሰዱትን ሽያጮችና የተገመተበትን ቀን ይያዝ፤ ገማቹም ራሱ ሊገዛው የሚፈልግ ሰው አይሁን። ሥዕሉ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ማስረጃ አስቀድመው ይጠይቁ። ምስሉን በፖስት ካርድ ወይም በካላንደር ለማተም ያሰበ ገዢም ሥዕሉን መግዛቱ አይበቃውም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ በሠዓሊው ዕድሜና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ ከሠዓሊው ወይም ከወራሾቹ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል።