እኩልታው ተገልብጦ ሲወጣ

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳስጠና፣ እኩልታ መፍታት ያቃተው ልጅ ብዙም አይገጥመኝም። ጉድ የሚፈላው ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ነው።

ምልክቱ፦ መልስ ይወጣል፣ ግን ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ።

ምክንያቱ፦ ልጁ እንዳነበበው በቅደም ተከተል ይጽፈዋል። «የታላቅየው ድርሻ ከታናሹ በ200 ብር ይበልጣል» ሲባል ታላቅ ቀድሞ መጣ፣ 200 ተከተለ፣ «ይበልጣል» ደግሞ መደመር ነው። ስለዚህ ታላቅ + 200 = ታናሽ። አለቀ! የተካፈሉት 1,000 ብር ከሆነ ለታናሹ 600፣ ለታላቁ 400 ይሰጣል። ክፋቱ ድምሩ ልክ መምጣቱ ነው። «ቼክ አድርጌዋለሁ ቲቸር» ይለኛል ደግሞ። ድምሩን ብቻ ማየት ቼክ ማድረግ አይደለም፤ ማን ይበልጣል የሚለውንም እዩ።

እጥፍ ሲመጣ ይብሳል። «ለ1 መምህር 40 ተማሪ አለ» ሲባል 40ተ = መ ብሎ የማይጽፍ ልጅ ብርቅ ነው። አንዱን «10 መምህር ቢኖርስ?» አልኩት። «400 ተማሪ» አለ፣ ሳያስብ። «በል እኩልታህ ውስጥ ክተተው።» 40 በ400 አባዛ፤ 16,000 መምህር! ራሱ ሳቀ። ያሳሳተው ፊደሉ ነው። ተ ማለት ተማሪ ይመስለዋል፤ ተ ግን የተማሪዎች ብዛት ነው፣ ቁጥር። እኔ አሁን «ተ = የተማሪዎች ብዛት» ብሎ በሙሉ ያልጻፈ ልጅ ደብተሩን አላይለትም።

መፍትሄው፦ ከእኩልታው በፊት በጭንቅላት የሚሠራ ቁጥር ሞክሩ፣ እኔ 10 መምህር እንዳልኩት። ከዚያ ትንሹ ማነው ብላችሁ ጠይቁ። እኩል እንዲሆኑ የሚጨመርለት ወይም የሚባዛው ትንሹ ነው። ታላቅ = ታናሽ + 200፣ ተ = 40መ። ታናሹን ኤክስ ካልነው ኤክስ + ኤክስ + 200 = 1,000፤ ታናሹ 400፣ ታላቁ 600።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። «አንድ ቁጥር ከ20 ላይ ሲቀነስ» 20 − ኤክስ ነው፣ ኤክስ − 20 አይደለም። በዕድሜ ጥያቄ «ከ5 ዓመት በኋላ» ከተባለ እናትየዋም ታረጃለች፣ ልጁን ብቻ አታሳድጉ። ኩንታልና ኪሎ ከተቀላቀሉ መጀመሪያ ወደ አንዱ ቀይሩ።

«በ3 እጥፍ ይበልጣል» የሚል ወርክሺት ከገጠማችሁ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሦስት እጥፍ ይሁን አራት እጥፍ ጸሐፊው ራሱ አልለየውም። እንዲህ ያለውን አባዝቶ ለሚያድል ሰው ትዕግስት የለኝም። ፈተና ላይ ከመጣ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ።