በክሪሚኖሎጂ ተመርቀሽ ፀረ ሙስና ሥራ መግባት ከፈለግሽ

ባለፈው ሰኞ የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣች። ዘንድሮ በክሪሚኖሎጂ፣ ማለትም በወንጀል ጥናት፣ ተመርቃለች። «እታለም፣ አንቺ የምትሠሪው የፀረ ሙስና ሥራ እንዴት ነው የሚገባበት?» አለችኝ። ከአቦል ጀምረን በረካው ተጠጥቶም ወሬው አላለቀም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ሐይቅ ያላችሁ ተመራቂዎች ይጠቅማችኋል ብዬ የነገርኳትን ጻፍኩት።

መጀመሪያ፣ የተማርሽውን አትጣይው። ብዙ ሰው ክሪሚኖሎጂ ሲባል ኪስ አውላቂና ነፍሰ ገዳይ ብቻ ይታየዋል። ኤድዊን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ በ1939 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ግን የተከበረ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚሠራውንም ወንጀል አጥኑ አለ። «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ዶናልድ ክሬሲ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በእጃቸው ያለውን የሰው ገንዘብ አጉድለው የታሰሩትን አነጋገረ። ያገኘው ይህን ነው፦ ገንዘብ ያጎደለው ሰው ለማንም የማይነግረው ችግር አለበት፣ ቀዳዳ ያያል፣ ከዚያ ለራሱ ሰበብ ያበጃል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው አደራ በላ እንለዋለን። ሰበቡን ግን እኛው እናቀብለዋለን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ያደገ ልጅ ሰበብ ፍለጋ የት ይሄዳል?

የሰውየውን ችግር አንቺ አትፈቺለትም። ቀዳዳውን ግን ማሳየት ትችያለሽ። ሥራሽ እሱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በእናቴ የቤት ካርታ ነው። አንድ ቢሮ ሄድን፣ ፋይሉ ጠፋ ተባልን። ነገ ተመለሱ። ከነገ ወዲያ ተመለሱ። በሩ ላይ የቆመ ጉዳይ ገዳይ «ሦስት ሺህ ብር ካላችሁ ዛሬውኑ ይገኛል» አለን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃው ይከብዳታል። «ልጄ፣ እንስጠውና እንረፍ» አለች። አልሰጠንም። በማግስቱ ደብተር ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ባለጉዳዩ ስንት ሰዓት ገባ፣ ወደ የትኛው ጠረጴዛ ተላከ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፤ አራት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። ሰዉ ሁሉ የሚቆመው መዝገብ ቤት ላይ ነበር። ፋይል ሲወጣ የወሰደው ሰው የሚፈርምበት መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ «ጠፋ» ያለ ሰው የሚጠይቀው የለም።

አቤቱታ ስንጽፍ የማንንም ስም አላነሳንም። የፋይል መውጫ መዝገብ ይኑር፣ ባለጉዳይም የገባበት ቀን ያለበት ወረቀት ይሰጠው አልን። ከሁለት ወር በኋላ መዝገቡ ተጀመረ። የእናቴ ፋይል ከዚያ በፊት ተገኝቶ ነበር፣ ከሌላ ሰው ፋይል ሥር።

አንቺም እንዲሁ ጀምሪ። ስለ ሙስና በጠቅላላው አታውሪ። አንድ አገልግሎት ምረጪና ከበሩ እስከ ማኅተሙ ድረስ ተከተይው።

ወረቀት ማንበብ ልመጂ። ንብረት ገቢ የሚሆነው ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። 40 ወንበር ተገዛ ከተባለ ሞዴል 19ኙን አይተሽ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ወንበር ቁጠሪ። ሱቆቹ ዋጋ ያቀረቡባቸውን ወረቀቶች፣ ፕሮፎርማዎችን፣ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። አንድ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሱቆች «ጠረጴዛ»ን «ጠረቤዛ» ብለው ጽፈው አይቻለሁ፤ የእጅ ጽሑፉም አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኚ ልብሽ ይመታል። ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊው። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። የንጹሕ ሰው ስም አንዴ ከጠፋ አይመለስም፤ አንቺም በስም ማጥፋት ትከሰሻለሽ።

ወረቀቱን በልመና ሳይሆን በሕግ ጠይቂ። በመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ጥያቄ ታቀርቢያለሽ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። በጽሑፍ አቅርቢው። ኮፒሽ ላይ የገባበትን ቀን አስጽፊና አስፈርሚ። ከከለከሉሽ ምክንያቱን ጠይቂ። መጀመሪያ ለኃላፊው፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል።

ጥቆማ ይዞ የሚመጣ ሰው አደራሽ ነው። ስሙን ስልክሽ ላይ አታስቀምጪ፣ ለጓደኛም አትንገሪ። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለ፤ ግን ለከባድ ወንጀሎች እንጂ ለሁሉም ጥቆማ አይደለም። ሰውየውን «አብሽር፣ ምንም አትሆንም» ከማለትሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ።

የት እንደሚኬድም እወቂ። የፌዴራሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም ይመረምርም ይከስም ነበር። ከ2008 ወዲህ ምርመራውና ክሱ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሆኗል። ኮሚሽኑ መከላከሉን፣ ትምህርቱንና የሀብት ምዝገባውን ይሠራል። ክልላችንም የራሱ ኮሚሽን አለው።

ሥራ ስትፈልጊ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎችን፣ ኦዲትንና የባንኮችን የማጭበርበር ቁጥጥር እይ። ሲቪክ ማኅበራትም አሉ። በድሮው ሕግ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘቡ ከውጭ የሚመጣ ድርጅት በመብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር፤ አዋጅ 1113/2011 ያንን አንስቶታል። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም።

እስከዚያው ግን ከቅሬያችሁ፣ ማለትም ከእድራችሁ፣ ጀምሪ። እኔ ሰው ሳስተምር መጀመሪያ የማነሳው ቅሬን ነው። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ «ይህን ያህል ገባ፣ ለድንኳን ይህን ያህል ወጣ» ብሎ ያነባል። አንዲት እናት «የሸራው ደረሰኝ የታለ?» ብላ ትጠይቃለች። ማንም አይቀየማትም። እነዚያው እናቶች ቢሮ ሲሄዱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ያንን ጥያቄ ከቅሬው ወደ ቢሮው እንዲወስዱት ነው የምለፋው።

የእኛ ቅሬ የሚሰበሰበው እሁድ ነው። ደብተርሽን ይዘሽ ነዪ።