ጌም ሲከፈት ድርግም የሚል ኮምፒውተር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮምፒውተር በድንገት ከጠፋ የመጀመሪያው ተከሳሽ መብራት ነው። አይፈረድብንም፤ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይደበዝዛል። አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ ግን ችግሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ችግር፦ ዴስክቶፑ ለጽሑፍና ለፊልም ደህና ነው። ጌም ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲጀመር ድርግም ይላል።

መንስኤ፦ ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ከዚያ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ይጨመርበታል። የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ረጅም ስሎት፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበት ቦታ፣ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ተጨማሪ ገመድ ይሰካለታል። ባለ 6 ፒኑ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያደርሳል። ካርዱ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ሲስብ፣ አቅም ያጠረው ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለማዳን ይዘጋል።

መፍትሄ፦ ደምሩ። ካርዱ 120 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65፣ ለቀረው 50 ያዙ፤ 235 መጣ። ባለ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚበቃ ይመስላል፤ አይበቃም። እኔ ለዚህ ከ400 በታች አልገዛም።

ስትገዙ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ካርዱ ኃይሉን በዋናነት የሚስበው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። «500 ዋት» የተባለው ዕቃ በ12 ቮልት 18 አምፒር ብቻ ከሰጠ 216 ዋት ነው፤ በቃ። አንዳንድ የቢሮ ማሽን ደግሞ ሶኬቱ ለየት ስለሚል ተራ ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም። ያኔ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ይሻላል።

ችግር፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ።

መንስኤና መፍትሄ፦ ከሃርድ ዲስክ የኃይል ገመድ (ሳታ ከሚባለው) ወደ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ካለ፣ እሱ ነው። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ገደማ ነው፤ እናንተ 75 ትጠይቁታላችሁ። እኔም አንዱን አቅልጫለሁ። ጣሉት።

ችግር፦ የሚጠፋው ማታ፣ አምፖሉ ሲደበዝዝ ብቻ ነው።

መንስኤና መፍትሄ፦ አሁን መብራቱን መክሰስ ይቻላል። «100–240 ቮልት» የሚል ፓወር ሰፕላይ መውረዱን ይችለዋል። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ ያለው ግን አይችልም፤ ስታቢላይዘር ይፈልጋል። «መብራቱ ስለደከመ ነው» ብላችሁ ማብሪያውን ወደ 115 እንዳታዞሩት፤ ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ይፈነዳል።