ያገለገለች አልፋ ሮሜዮ 156 ደሴ ላይ ሲገዙ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አልፋ የሚወድ ሰው ያለው ምርጫ እዚሁ ያለችውን መግዛት ነው። 156 እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥታ በ1998 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። መሪዋ ፈጣን ነው፤ መልኳም ዛሬ ድረስ ዓይን ይስባል። በመልኳ ብቻ የገዛት ግን ጋራዥ ይመላለሳል። የማወራው ስለ 2.0 ቱዊን ስፓርክ የቤንዚን ሞተሯ ነው።

ቀጠሮዎን በጠዋት ያድርጉት። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳት ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለሱ። የደሴ ጠዋት ብርድ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ስትነሳ እንደ ናፍጣ መኪና ትንኳኳለች፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝም ትላለች

ሻጩ «ወንድሜ፣ ብርዱ ነው» ይልዎታል። ብርዱ አይደለም። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ጫፍ ላይ ያለው፣ የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ቫሪያተር አልቋል። ወዲያው ሞተሩን አይገድለውም፤ ግን መቀየር አለበት። የሚቀየረው ደግሞ ካምሻፍቱን ከሞተሩ ጋር አስማምቶ ከሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጋ ጋር ነው፣ ምክንያቱም ለሁለቱም የሚፈታው ያው ነው።

ዋናው ጉዳይም ቺንጋው ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ በ120,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ብሎ ነበር። ቺንጋው ቀድሞ እየተበጠሰ ስላስቸገረ በኋላ ወደ 60,000 ገደማ ወረደ። ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል፣ ያጣምማቸዋል። ያን ጊዜ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። ስለዚህ «ተቀይሯል» የሚል ቃል አይበቃም፤ ቀንና ኪሎ ሜትር ያለበት ደረሰኝ ይጠይቁ። ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ። ሲቀየር ማወጠሪያው፣ የውሃ ፓምፑና ሁለተኛዋ ትንሽ ቺንጋ አብረው ይቀየሩ። ትንሿ ከተበጠሰች ትልቁን ይዛ ልትሄድ ትችላለች። መካኒኩ ካምሻፍቱን የሚቆልፍበት መሣሪያ ከሌለው ሥራውን አይስጡት። በቀለም ምልክት ብቻ የተገጠመ ሞተር የቫልቮቹ መከፈቻ ጊዜ ይዛባል።

ሀረጎ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት፣ ትደክማለች

ኮምቦልቻ ወርደው ተመልሰው ይውጡ፤ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ወሎ ውስጥ አላውቅም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ዳገቱ ላይ ከተንቀጠቀጠችና ከተቆራረጠች ግን ካንዴላውን ወይም ኮይሉን ይጠርጥሩ። ይህ ሞተር ለአራት ሲሊንደር 8 ካንዴላ አለው። አራቱን ብቻ ቀይሮ «ቀይሬያለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ይቁጠሩ።

ቁልቁለቱ ላይ ዓይንዎ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። መርፌው 90 አካባቢ መቆየት አለበት። ሲወርዱ ወደ 70 እና ከዚያ በታች ከወደቀ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። ሞተሩ በቂ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ቴርሞስታት መቀየር። ዳገቱ ላይ መርፌው ወደ ላይ ከሄደና ውሃው ከቀነሰ ግን ነገሩ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ያንን መኪና ይተዉት።

ኮብልስቶን ላይ ከፊት ሲጥ ሲጥ ትላለች

ጎማውን ከላይ የሚይዘው ክንድ ጎሚኒው (መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ) አልቋል። 156 የታወቀችበት ሕመም ነው። ቅባት መቀባት ለሳምንት ዝም ያሰኛታል እንጂ አያድናትም። ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ያስቀይሩ፣ ከዚያ የጎማ አላይመንት ያሠሩ። የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ተበልቶ ካዩ ችግሩ ቆይቷል ማለት ነው።

ማርሹ በራሱ ወደ ዜሮ ይወጣል

ይህ ሴሌስፒድ የሚባለው፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ማርሽ ነው። ፓምፑ ወይም ግፊት የሚይዘው ዕቃ ሲደክም ይመጣል። ዕቃውም የሚሠራውም ሰው ብርቅ ነው። ደሴ የሚኖር ሰው ባለ ፔዳሏን ይግዛ፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ዘይት ይጎድላል

ይህ ሞተር ዘይት ይወዳል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን በየሳምንቱ ይዩ፤ ዘይት ጎድሎት የተነዳ ሞተር ኩሽኔታው ይበላል። ከስር ጎንበስ ብለውም የዘይት መያዣውን ያረጋግጡ። ዝቅ ያለች ስለሆነች ድንጋይ ይመታዋል፤ መከላከያ ብረቱ ከሌላት ያሰሩላት።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።