ፊዚዮቴራፒ ልትማሩ ላሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ወጌሻ ሆንክ?» ያሉኝ የሰፈራችን እትዬ ናቸው። ደብረ ብርሃን፣ እኛ ቤት፣ ሁለተኛው ቡና ላይ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ምን ያጥፉ? እኛ አገር እግሩ የዞረበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው፤ ፊዚዮ (ፊዚዮቴራፒ)፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚያክም ሙያ፣ መኖሩን የሚሰማው ሐኪም ወረቀት ጽፎ ሲልከው ነው። ይህን ሙያ ከመረጣችሁ ዕድሜ ልካችሁን ታስረዳላችሁ፣ ከወዲሁ ልመዱት። ወጌሻውንም አትናቁ፣ ሰው ያምነዋል። ግን ስብራት በእንጨት ጠብቆ ሲታሰርና ደም ሲቋረጥ እግር እስከመቆረጥ እንደሚደርስ ማንንም ሳታስቀይሙ መናገር መቻል አለባችሁ።

ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጠዋት ሆስፒታል ሂዱና የፊዚዮ ክፍሉን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡ። አብዛኛው ተማሪ ይህን አያደርግም፤ ሜዲስን፣ ፋርማሲ ብሎ ሞልቶ ፊዚዮ ሲደርሰው ያለቅሳል።

ምን ታያላችሁ መሰላችሁ? ከመንዝ የመጡ አባት፣ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ የመታቸው፣ ሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መሃል ቆመው ሦስት እርምጃ ለመሄድ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ባለሙያው ፊታቸው ቆሞ፣ የደከመው ጉልበት እንዳይከዳቸው በራሱ ጉልበት ደግፎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ይከተላቸዋል። ልጃቸው ጋቢያቸውን ታቅፋ ታያለች። ቀጥሎ ተራው የእሷ ነው፤ ከአልጋ እንዴት እንደምታነሳቸው፣ የደከመውን እጅ እየጎተተች ትከሻቸውን እንዳትጎዳ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደምታገላብጣቸው ትማራለች። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በሳምንት ሦስቴ የሚመላለስ ሰው የለማ! እዚህ አካባቢ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ማለት ታካሚው ቤቱ ገብቶ የሚሠራውን አስተምሮ የሚልክ ነው። ማሽኑ ሁለተኛ ነው። (የሚያሞቀው መብራት ግን በኅዳር ብርድ የሁሉም ወዳጅ ነው፣ የእኛም ጭምር።) ይህን አይታችሁ ከሰለቻችሁ ሌላ ምረጡ። ከልቤ ነው።

ወደ መግቢያው ስንመጣ፣ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ማለፍ፣ ከዚያ ፍሬሽማን፣ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ዲፓርትመንት። በድግሪ ደረጃ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ዲፒቲ የሚባል የዶክትሬት ፕሮግራም ከፍቷል። ጎንደር ለእኛ ሩቅ ነው፣ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ ልጅ እዚያ ብርድ አይፈራም። አናቶሚን፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር፣ በደንብ ያዙ። ጡንቻው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ካላወቃችሁ ኒውሮውም (የነርቩ) ኦርቶፔዲክሱም (የአጥንቱ) የሕፃናቱም ኮርስ ጭንቅ ይሆንባችኋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ሳያልፉ ድግሪ የለም። ቀጥሎ ከክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ ታወጣላችሁ። ፈቃዱ የሚታደሰው ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ ሥልጠና ስትወስዱ ስለሆነ ሰርተፍኬቶቻችሁን አትጣሉ።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ተመርቄ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር። ክፍሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ የአልትራሳውንድ ማሽኑ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። የሆስፒታሉ ኃላፊ ደስ ብሎት ተቀበለኝና «መደቡ አለ፣ በጀት ግን አልተያዘለትም» አለኝ። ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ስለዚህ ሥራ ስትፈልጉ ሁለት ነገር ለየብቻ ጠይቁ፦ መደቡ አለ ወይ? በጀትስ ተይዞለታል ወይ? የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚቋቋመው ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊዮን። ትልቁ ጋ ኦርቶፔዲክስ ሲኖር ለፊዚዮም ቦታ ይኖራል፣ መጀመሪያ እዚያ አንኳኩ። ማስታወቂያ በዞን ጤና መምሪያና በሆስፒታሎቹ ቦርድ ላይ ይለጠፋል፤ ምዝገባው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይ በቴሌግራም ብቻ አትተማመኑ።

ደመወዙን በተመለከተ እንዳትሸወዱ፤ ፊዚዮ ብዙ ጊዜ የቀን ሥራ ስለሆነ እንደ ነርሶቹ የዲዩቲ (የተረኝነት) ብር አይገባም። ሌሊት ግን ትተኛላችሁ። ዕድገቱ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም ነው፣ ዝግ ይላል። ቶሎ መለወጥ የሚፈልግ ወይ ማስተርስ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ወይ ወደ አንድ ዘርፍ ይጠጋል። እኔ ብመከር ሕፃናትን እይዝ ነበር፦ እግሩ ታጥፎ የተወለደ ልጅ በፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ ጄሶው እየተቀየረ ሲቃና ማየት ሌላ ነው። ከጄሶው በኋላ እግሩን የሚይዘውን ልዩ ጫማ ማታ ማታ ለዓመታት እንዲያደርግ እናትየውን ማሳመን ግን ከጄሶው ይከብዳል። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተያይዞ የቆየ የተሐድሶ ልምድ ስላለው ልምምድ ካገኛችሁ አትለፉት።

በነገራችን ላይ የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን ሴፕቴምበር 8 ነው፣ በእኛ ጳጉሜን 3፣ የፈዋሹ የሩፋኤል ዕለት። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፣ ግን ለእትዬ ስነግራቸው ሙያው ከፍ አለላቸው።

ለሥራ ምዝገባ ስትሄዱ ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊ ድግሪውን)፣ ስቱደንት ኮፒውን (የኮርስ ውጤት ዝርዝሩን)፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የሙያ ፈቃዱንና የኮስት ሼሪንግ ወረቀቱን ኦርጅናልና ኮፒ ያዙ። ኮፒውን ማታውኑ አድርጉት። እኔ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።